ፈቃድ ወጥቼ አርፌ ለምን አልዳንኩም? ስለ ሥር የሰደደ ውጥረትና የሥራ መዛል የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በላይ በሥራ ጫና ተወጥሬ ቆይቻለሁ። በቅርቡ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጥቼ አረፍኩ፤ ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን ግን ድካሙ እንዳለ ተመለሰ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ እነቃና አልተኛም። ያነበብኩት አይገባኝም። የምወዳቸውን ሰዎች ማናገር እንኳ ይከብደኛል። ሐኪም ጋ ሳልሄድ፣ አካልንም አእምሮንም አንድ ላይ በሚያይ መንገድ መዳን እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ድካሙ በአራት ቀን መመለሱ ማረፍ ስላላወቁበት አይደለም። ፈቃድ በጤና ላይ የሚያመጣው በጎ ለውጥ ሥራ ከተጀመረ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚጠፋ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የሚጠብቅዎት የሥራ ክምር ከባድ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ጫናውን ሳይነኩ ረፍት ብቻ መጨመር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ስለዚህ የማገገሙ ሥራ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው አካልና አእምሮ የሚያገግሙበትን ሁኔታ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ያደከመዎትን ነገር መለወጥ። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ላይ ስለሚቆም ያገረሽበታል።

የነገሩኝ ምልክቶች በርንአውት ከሚባለው የሥራ መዛል ጋር በጣም ይቀራረባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ሁኔታውን በሦስት ነገሮች ይገልጸዋል፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም በሥራው ተስፋ መቁረጥ፣ እንዲሁም ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። ድርጅቱ ይህን በሽታ ብሎ አልመደበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ይህ ለእርስዎ ተግባራዊ ትርጉም አለው፦ መፍትሔውን ሁሉ ከራስዎ ፈቃደኝነትና ብርታት ብቻ መጠበቅ የለብዎትም።

ሐኪም ሳይታይ አይጀመርም

«ሐኪም ጋ ሳልሄድ» ያሉት ላይ አልስማማም። አካልንም አእምሮንም አንድ ላይ የሚያይ አካሄድ አካልን ሳይመረምር ሊጀምር አይችልም። ደም ማነስ፣ የብረት ክምችት ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስ ወይም መብዛት፣ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የኩላሊትና የጉበት ችግር ሁሉም እንደ ሥራ መዛል ሆነው ይመጣሉ። ለሐኪሙ «ለብዙ ወራት የቆየ ድካም አለኝ» ብለው ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ)፣ የታይሮይድ ምርመራ (ቲ.ኤስ.ኤች)፣ የደም ስኳር፣ ቢ12፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ እንዲታይልዎት ይጠይቁ። የደም ግፊትም ይለካ። የወር አበባ የምታይ ሴት ፌሪቲኗ ሳይታይ «ደምሽ ደህና ነው» ከተባለች ምርመራው አልተሟላም፤ ሄሞግሎቢን ሳይቀንስ የብረት ክምችት ሊያልቅ ይችላልና።

በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥም በጣም የሚረሳ ነገር ነው። አብሮዎት የሚተኛ ሰው ከባድ ማንኮራፋት ወይም የትንፋሽ ማቆም አይቶብዎት እንደሆነ ይጠይቁ። ጧት ራስ ምታት፣ የአፍ ድርቀት፣ ቀን ላይ ቁጭ ብሎ ማንቀላፋት ካለ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ይህ ችግር ካለ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ግማሽ ውጤት ብቻ ይሰጣል። የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችና እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ እንክብሎች ድካምን ያባብሳሉ።

ከድባቴ መለየቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሥራ መዛል ብቻ የተጎዳ ሰው ከሥራው ለጥቂት ቀናት ሲርቅ ትንንሽ ደስታዎች ይመለሱለታል፤ ሙዚቃው ይጥመዋል፣ ልጁ ያስቀዋል። በድባቴ ውስጥ ግን ሐዘኑ ወይም ደስታ ማጣቱ ሁሉንም የሕይወት ክፍል ይሸፍናል፤ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ይቆያል፤ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ፣ ከልክ ያለፈ የጥፋተኝነት ስሜትና ተስፋ ቢስነት ይከተሉታል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። መሞትን መመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ያቁሙና ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሕክምናም ይሂዱ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም የሌሊት ላብና ትኩሳት ካለም ቀጠሮ አይጠብቁ።

ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነው

ውጥረት ሲመጣ ሰውነት ሁለት መንገድ ይጠቀማል። ፈጣኑ በሴኮንዶች ውስጥ አድሬናሊን ለቆ ልብን ያፈጥናል። ዘገምተኛው ከአንጎል ይጀምራል፤ ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ እጢ፣ ፒቱታሪ ከኩላሊት በላይ ላሉት የአድሬናል እጢዎች መልእክት ያስተላልፋል፣ ኮርቲሶል የሚባለው የውጥረት ሆርሞንም ይመነጫል። ኮርቲሶል ጠላት አይደለም። በጤነኛ ሰው ከእንቅልፍ በተነሣ በ30 እና 45 ደቂቃ መካከል ከፍ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እኩለ ሌሊት ገደማ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። የሆርሞን ተመራማሪው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ሰውነት ለማንኛውም ከባድ ጫና የሚሰጠውን የተለመደ ምላሽ ገለጸ፤ የአንጎል ተመራማሪው ብሩስ ማኪወን ደግሞ በ1993 ከባልደረባው ጋር ይህ የመቋቋሚያ ሥርዓት ሳያርፍ ሲቀጥል በልብ፣ በደም ሥር፣ በበሽታ መከላከያና በአንጎል ላይ የሚከመረውን ጉዳት አሳየ። ጉዳቱ የሚመጣው ውጥረት ስለነበረ ሳይሆን ሥርዓቱ ስላላረፈ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ትኩረትን፣ እቅድንና ለአፍታ ማስታወስን የሚመራው፣ በዚህ ሁኔታ ውስጥ አቅሙ ይዳከማል። ያነበቡት አለመግባቱ ስንፍና ወይም የመርሳት በሽታ ምልክት ነው ብለው አይፍሩ።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ስህተት አለ። «አድሬናል እጢዎ ደክሟል» ተብሎ የምራቅ ምርመራና እንክብል ይሸጣል። የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት ይህን እንደ በሽታ አይቀበሉትም። ለዚሁ ተብለው ከሚሸጡ እንክብሎች መካከል ሲመረመሩ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የታይሮይድ ሆርሞንና ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ። እንዲህ ያለው እንክብል መጀመሪያ ጉልበት የሰጠ ይመስላል፤ በኋላ የራስዎን እጢ ሥራ ሊያዳፍን ይችላል። ገንዘብዎንም ጤናዎንም ይጠብቁ።

መጀመሪያ መቀነስ

የዛለ ሰው ለመዳን ሲነሣ የሚሠራው ዋና ስህተት መዳንንም እንደ አዲስ ፕሮጀክት መያዙ ነው። በአንድ ሰኞ ጎህ ሲቀድ መሮጥ፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ የአመጋገብ ለውጥ፣ ማሰላሰል፣ ማስታወሻ መጻፍ ይጀምራል፤ በአሥረኛው ቀን ሁሉንም ይተውና «ይህም አልሆነልኝም» ይላል። ያደከመው ያው ራስን የመንዳት ልማድ በሌላ ልብስ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ምንም አይጨምሩ። ይቀንሱ።

አንድ ወረቀት ወስደው ከሥራም ከሥራ ውጭም ያሉብዎትን ግዴታዎች በሙሉ ይጻፉ፤ የኮሚቴ አባልነቱን፣ ለዘመድ የገቡትን ቃል፣ መልስ የሚጠብቁ መልእክቶችን ሁሉ። ከእያንዳንዱ ጎን «ይቅር»፣ «ይዘግይ»፣ «ሌላ ሰው ይሥራው» ወይም «ከእኔ ውጭ አይሆንም» ብለው ምልክት ያድርጉ። ሁሉም በአራተኛው ውስጥ ከገባ ለሚያምኑት ሰው ያሳዩት። የዛለ አእምሮ የአስፈላጊነት ደረጃ ማውጣት ስለሚከብደው ሁሉም ነገር እኩል አስቸኳይ ሆኖ ይታየዋል።

አብሮ ለ7 ቀናት የጉልበት መዝገብ ይያዙ። በቀን አራት ጊዜ፣ ማለትም ጧት፣ ምሳ ሰዓት፣ ማምሻና ከመኝታ በፊት፣ ጉልበትዎን ከ0 እስከ 10 ይስጡና በመካከሉ ያደረጉትን በሦስት ቃል ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገርም ነገር ይወጣል። ጉልበትን የሚያሟጥጠው ትልቁ ሥራ ሳይሆን በየአሥር ደቂቃው መቋረጡ ወይም ከአንድ የተለየ ሰው ጋር የሚደረግ ስብሰባ ሆኖ ይገኛል፤ ረፍት ብለው የያዙት የስልክ ማገላበጥ ደግሞ ቁጥሩን አንድም ነጥብ አላነሣም። መቀነስ ያለበትን የሚያሳይዎት ይህ መዝገብ ነው።

እንቅልፍ፦ በጣም የሚለካውና በጣም የሚለወጠው

ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንቃት ራሱ ችግር አይደለም። እንቅልፍ በግምት የ90 ደቂቃ ዙር ስላለው ሁሉም ሰው በየዙሩ ለአፍታ ይነቃል፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ደግሞ እንቅልፉ ቀላል ነው። የተወጠረ ሰው ግን ያን አፍታ ሲያገኝ ስለ ነገው ሥራ ማሰብ ይጀምራል፣ ሰዓት ያያል፣ «የቀረኝ ሦስት ሰዓት ነው» ብሎ ያሰላል፣ ልቡ ይመታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አልጋው ራሱ የመንቂያ ምልክት ይሆናል። ሕክምናው ይህን ትስስር መፍታት ነው። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመድኃኒት በፊት እንዲሰጥ የመከረው ይህን ዓይነት የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው።

የሚነሡበትን ሰዓት ይወስኑ፤ በዓልም ሰንበትም አይለወጥ። ሰዓቱን ከዓይንዎ ያርቁ። ሌሊት ነቅተው 20 ደቂቃ ያህል የቆየ ከመሰለዎት፣ ወይም መናደድ ከጀመሩ፣ ከአልጋ ይውረዱ። ደብዘዝ ባለ መብራት አሰልቺ ነገር ያንብቡ ወይም ልብስ ያጣጥፉ፤ ስልክ አይንኩ። ዓይንዎ ሲከብድ ብቻ ይመለሱ። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ መነሣት ሊኖር ይችላል፤ ዘዴው እየሠራ እንጂ እየከሸፈ አይደለም።

ይህ ብቻውን በሁለት ሳምንት ካልበቃ በአልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ማጥበብ ይመጣል። ለአንድ ሳምንት አልጋ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆዩና በእውነት ስንት ሰዓት እንደተኙ ይመዝግቡ። 9 ሰዓት ተጋድመው 6 ሰዓት ብቻ ከተኙ ድርሻው 67 በመቶ ነው። የአልጋ ጊዜዎን ወደዚያው 6 ሰዓት ያውርዱት፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት። ከ5 ሰዓት ተኩል በታች ግን በጭራሽ አይውረዱ። ለአንድ ሳምንት ድርሻው 85 በመቶ ሲደርስ 15 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከ80 በታች ከሆነ 15 ደቂቃ ይቀንሱ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ ቀን ላይ እንቅልፍ ይጥልዎታል። ይህ የሚፈለግ ነገር ነው፤ የተጠራቀመው የእንቅልፍ ረሃብ ነው የተቆራረጠውን ሌሊት የሚያያይዘው። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (ከልክ ያለፈ መነቃቃትና ድባቴ የሚፈራረቁበት ሕመም) ያለበት፣ በእርግዝና ላይ ያለች፣ ረጅም መንገድ የሚያሽከረክር ወይም አደገኛ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ግን ይህን የማጥበብ ክፍል ያለ ሐኪም አይሞክር። በቀን 10 ሰዓት እየተኛ የማይጠግብ ሰውም ይህ አይመለከተውም።

ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከቀኑ 10 ሰዓት 200 ሚሊ ግራም የጠጣ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አሁንም 100 ሚሊ ግራም ያህል በደሙ ውስጥ አለ። ከመኝታ ቢያንስ 8 ሰዓት ቀድመው ያቁሙ። በአንድ ቀን ጨርሶ መተው ግን በ12 እና 24 ሰዓት መካከል የሚጀምር ራስ ምታትና ድብርት ያመጣል፤ ያንን እንደ መዛሉ መባባስ ቆጥረው ይደነግጣሉ። በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሱ ይውረዱ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይሰባብራል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚነቃ ሰው ለአራት ሳምንት ቢተወው ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ጧት በተነሡ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ደጅ ወጥተው 20 ደቂቃ የቀን ብርሃን ማየት የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ቀን ማረፍ ካስፈለገ 20 ደቂቃ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት።

ሐሳቡ ሌሊት እንዳይመጣ ቀን ላይ ቦታ ይስጡት። አመሻሽ ላይ 15 ደቂቃ ተቀምጠው የሚያሳስብዎትን በአንድ ዓምድ፣ ነገ የሚወሰደውን ቀጣይ ትንሽ እርምጃ በሌላው ይጻፉ። እርምጃ የሌለው ጭንቀት ከሆነ «በእጄ አይደለም» ብለው ይጻፉበት። ይህ ቀላል ቢመስልም አንጎል የተከፈተ ጉዳይን ደጋግሞ የሚያነሣው እንዳይረሳ ስለሚፈራ ነው፤ የተጻፈውን ይለቅቃል።

ሰውነትን ማረጋጋትና ማንቀሳቀስ

ከእንቅልፉ ጎን ለጎን በቀን ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ ዝግ ያለ ትንፋሽ ይለማመዱ፤ በአፍንጫ 4 ሴኮንድ ማስገባት፣ 6 ሴኮንድ ማስወጣት። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ማስወጣቱ ሲረዝም ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ልብ ቀስ ይላል። እዚህ የሚበላሸው ነገር ሰው «በጥልቀት ተንፍስ» ሲባል ብዙ አየር መሳቡ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ማዞር፣ የጣት መጠዝጠዝ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ፍጥነቱን ሳይለውጡ መጠኑን ያሳንሱ፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ሊሰማው የማይችል ትንፋሽ ይበቃል። ትንፋሽን መከታተል የሚያስደነግጠው ሰውም አለ። ለእርሱ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያዳበረው ጡንቻን የማላላት ዘዴ ይሻላል። ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ፊት እያንዳንዱን የጡንቻ ክፍል 5 ሴኮንድ አጥብቆ፣ ከዚያ 20 ሴኮንድ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው፤ በጠቅላላ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ልምምዱን የከፋው ሰዓት ላይ አይጀምሩት፣ በተረጋጉበት ጊዜ ይማሩት።

የማሰላሰል ሥልጠና፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው የ8 ሳምንት ፕሮግራምን ጨምሮ፣ ውጥረትን በመቀነስ ጥሩ ማስረጃ አለው። ለእርስዎ ግን ሁለተኛው ወር ላይ ቢመጣ እመርጣለሁ። በጣም የዛለ ሰው ለ40 ደቂቃ ከራሱ ሐሳብ ጋር ሲቀመጥ አንዳንዴ ይብስበታል፤ የቆየ አሰቃቂ ትዝታ ያለበት ደግሞ ከባለሙያ ጋር ብቻ ነው መጀመር ያለበት።

እንቅስቃሴን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ መድረሻ ነው። የእርስዎ መነሻ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ እያወሩ ሊሄዱ በሚችሉበት ፍጥነት የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው። በማግስቱ ጉልበትዎ ካልወረደ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከወረደ በግማሽ ይቀንሱ። ጥሩ በተሰማዎት ቀን የተጠራቀመውን ሁሉ ልካስ ብለው ሁለት ሰዓት አይሂዱ፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስደው ይህ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ቀለል ያለ የጡንቻ ማጠንከሪያ ይጨመራል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ወይም ካሰቡ በኋላ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ጨርሶ የሚወድቁ ከሆነና ለቀናት ከቆየ ይህ ሌላ ሕመም፣ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም፣ ሊሆን ይችላል። በእርሱ ላይ እንቅስቃሴን እየጨመሩ መሄድ ይጎዳልና ለሐኪምዎ ይህንኑ በግልጽ ይንገሩ።

ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም። በቋሚ ሰዓት ሦስት ጊዜ መብላት፣ በእያንዳንዱ ማዕድ የተወሰነ ፕሮቲን፣ ቁርስን አለመዝለል። የተወጠረ ሰው ቀኑን ሙሉ በካፌይን ቆይቶ ማታ ከመጠን በላይ ስለሚበላ እንቅልፉንም ያጣል። ምርመራ ያሳየውን እጥረት ይሙሉ፤ ያላሳየውን አይግዙ። አሽዋጋንዳ የሚባለው የዕፅ እንክብል በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ጎድቷል፣ ታይሮይድንም ይነካል። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ያዳክማል፣ ከድባቴ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ ደግሞ አደገኛ ነው። ከተፈጥሮ የተገኘ መሆኑ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ሰው ማናገር መክበዱን ጽፈዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው አያስፈልግም፣ አንድ ይበቃል። «ደክሞኛል፤ ምክር አልፈልግም፣ ዝም ብለን 20 ደቂቃ አብረን እንሂድ» ማለት ይቻላል። ቀድሞ የሚወዱትን ትንሽ ነገርም ፍላጎቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በሳምንት ሁለት ጊዜ በቀጠሮ ይያዙት፤ በመዛል ውስጥ ፍላጎት ከድርጊቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሥራው ካልተለወጠ

ሁሉንም የሚወስነው ይህ ክፍል ነው። የሥራ መዛልን ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ክሪስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር ሰውን ከሥራው የሚያቃርኑ ስድስት ነገሮችን ለይተዋል፤ የሥራ ጫና፣ በሥራው ላይ ያለ የመወሰን ሥልጣን፣ ምስጋናና ክፍያ፣ ከባልደረቦች ጋር ያለ ግንኙነት፣ ፍትሐዊነት፣ እና የራስ እምነት ከሥራው ጋር መስማማቱ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ይስጡ። ዝቅተኛዎቹ ሁለቱ ናቸው መነካት ያለባቸው። ይህ ወሳኝ የሚሆነው ብዙ ሰው ችግሩን «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ሰዓት ካስቀነሰ በኋላም ሳይሻለው ስለሚቀር ነው። ያደከመው ብዛቱ ሳይሆን አድልዎው ወይም በማያምንበት ነገር ላይ መፈረሙ ነበር። ለዚያ ዓይነቱ የትንፋሽ ልምምድ አይደርስለትም፤ የክፍል ዝውውር ወይም ሥራ መቀየር በእርጋታ መታሰብ አለበት። ውሳኔውን ግን እንቅልፍዎ ከተመለሰ በኋላ ይወስኑ።

ችግሩ ጫናው ከሆነ ወደ አለቃዎ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የያዟቸውን ሥራዎችና እያንዳንዱ በሳምንት የሚወስደውን ሰዓት ይጻፉ። ከዚያ «በእጄ ያሉት ሥራዎች በሳምንት 58 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ያለኝ 40 ነው። እነዚህ ሦስቱ ይቅደሙ፣ እነዚህ ሁለቱ እስከሚቀጥለው ወር ይዘግዩ ብዬ አስቤአለሁ፤ ይስማማሉ?» ይበሉ። «ደክሞኛል» ሲባል አለቃው የሚሰጠው ማበረታቻ ነው፤ ቁጥር ሲቀርብለት ግን መምረጥ ይገደዳል። የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በአጭሩ ጽፈው ይላኩለት። ከሥራ ሰዓት በኋላ የሥራ መልእክት የማይታይበት ቁርጥ ያለ ሰዓት ያስቀምጡ፣ የሥራውን መተግበሪያ ከስልክዎ ያውጡ ወይም ድምፁን ይዝጉ። የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የሳቢነ ሶነንታግ ምርምር ደጋግሞ ያሳየው ይህን ነው፤ ሰው ከሥራ የሚያገግመው ከቢሮ ሲወጣ ሳይሆን ሐሳቡ ከሥራ ሲላቀቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ፣ በሥራ ምክንያት የተጎዱ ሰዎችን ተከታትሏል። አጠር ያለ የሥነ ልቦና ሕክምናን በሥራው ላይ ከሚደረግ ተግባራዊ ለውጥ ጋር አጣምረው ያገኙት፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ብቻ ካገኙት በጣም ቀድመው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ለዚህ ነው ስለ ሥራው ሳይጠይቅ ስለ አእምሮ ብቻ የሚያወራ እርዳታ ጎዶሎ ነው የምለው።

የሕመም ፈቃድ ካስፈለገና ከወሰዱ በአንድ ቀን ወደ ሙሉ ሥራ አይመለሱ። ቢቻል ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ግማሹን ብቻ በመሥራት፣ የማስረከቢያ ቀነ ገደብ በሌለው ሥራ ይጀምሩ። በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ይጨምሩ፤ ሰዓቱንና የሥራውን ክብደት ግን በአንድ ጊዜ አይጨምሩ፣ ካገረሸ የቱ እንደጎዳዎት አያውቁምና። ሁሉን ፍጹም ካላደረግሁ የሚል ልማድ ካለዎትም በትንሽ ሙከራ ይፈትኑት። አደጋ የሌለውን አንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ብቻ አርመው ይላኩና ምን እንደሚፈጠር ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም፤ ያንን በዓይን ማየት ነው ልማዱን የሚያላላው።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል

በትክክል ከተሠራ እንቅልፍ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። ጉልበት በወራት ይመለሳል። ትኩረትና የማስታወስ ችሎታ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2005 ለከባድ የመዛል ሁኔታ የራሱ የምርመራ ስያሜ ሰጥታ ታካሚዎችን ስትከታተል ቆይታለች፤ ከባድ ደረጃ ላይ ከደረሱት መካከል ለውጥረት ቶሎ መሸነፍና የመርሳት ችግር ለዓመታት የቆየባቸው አሉ። ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎት ሳይሆን አሁን በጊዜው እንዲይዙት ነው። መሻሻሉ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ከሦስት ጥሩ ቀን በኋላ ሁለት መጥፎ ቀን ይመጣል፤ ስለዚህ የዛሬን ከትናንት አያወዳድሩ፣ የሁለት ሳምንት አማካይን ካለፈው ሁለት ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ።

ይህን ሁሉ ለስድስት ሳምንት ሞክረው እንቅልፍዎም ጉልበትዎም ካልተነቃነቀ፣ ወይም ሐዘኑ ከሥራ ውጭ ያለውን ሕይወትዎን መሸፈን ከጀመረ፣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ። መድኃኒት የሥራ መዛልን ራሱን አያክምም። አብሮ ድባቴ ወይም የጭንቀት ሕመም ካለ ግን ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፣ በድንገትም አይቋረጥም። ከቤንዞዲያዜፒን ወገን የሆኑ የእንቅልፍ እንክብሎች ላይ ግን ይጠንቀቁ። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ መጠናቸውም ከፍ እንዲል ይገፋፋሉ፤ ከታዘዙልዎት ለስንት ቀን እንደሆነና እንዴት እየቀነሱ እንደሚያቆሙ የመጀመሪያውን እንክብል ከመዋጥዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።